የታይሮይድ ክኒንና አይረን አብረው አይዋጡም
የታይሮይድ ሆርሞን ያነሳችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ «ፅንሱን ይጎዳል» ብላችሁ የታይሮይድ ክኒናችሁን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ አታቁሙ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፤ የሚጎዳው ማቋረጡ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ከጤና ጣቢያ ከሚሰጠው አይረን ጋር አንድ ላይ ሲዋጥ ነው። አይረኑ ሌቮታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቋቸው፦ ሌቮታይሮክሲን ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፤ ቁርስና ቡና 1 ሰዓት ላይ፤ አይረን ማታ። በደብረ ብርሃን ብርድ ቡናው ቢያጓጓም ክኒኑ ይቅደም።

እርግዝናው እንደታወቀ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የሌቮታይሮክሲኑ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል፣ ቲኤስኤች (ሆርሞኑ በቂ መሆኑን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ይለካል።

ታይሮይዱ ከልክ በላይ ለሚሠራባችሁ ይህ ምክር አይሆንም፤ መድኃኒታችሁ መቀየር ሊኖርበት ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም አማክሩ።