የጂም ወለል ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በጂም ወለል ላይ የሚታዩ ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ንጣፉ ጥራት ስለጎደለው ሳይሆን፣ ለአንድ ክፍል የሚስማማው ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር በአዳራሹ ሁሉ በመነጠፉ ነው። ክብደት የሚወድቅበት፣ ሰው የሚዘልበትና ውሃ የሚፈስበት ቦታ ከወለሉ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል፤ አንዳንዴም እርስ በርሱ ይቃረናል። ስለዚህ አዲስ ንጣፍ ከመግዛት አስቀድሞ ጉዳቱ የታየው የት እንደሆነና እዚያ ቦታ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚካሄድ መለየት ያስፈልጋል።

ባርቤል (ግራና ቀኙ ላይ ክብደት የሚገባበት ረጅም ብረት) በሚወድቅበት ቦታ ሊሾው ይሰነጠቃል፣ ጩኸቱም ታችኛውን ፎቅ ይረብሻል

8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ጥቅል ለማሽኖችና ለቀላል ዳምቤሎች በቂ ቢሆንም፣ ከጭንቅላት በላይ ተነስቶ ለሚለቀቅ ባርቤል አይበቃም። 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባርቤል ከ2 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ወደ 2,000 ጁል የሚጠጋ ኃይል ይዞ ይመጣል፤ ስስ ጎማ ይህን ኃይል በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ማብረድ ስለማይችል ምቱ ወደ ኮንክሪቱ ያልፋል። መፍትሄው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ታይል ማንጠፍ ወይም ራሱን የቻለ የማንሻ መድረክ መሥራት ነው። መድረኩ በየጎኑ 2.4 ሜትር ያህል ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት የፕላይውድ ንብርብሮች የላይኛው መገጣጠሚያ በታችኛው ላይ እንዳያርፍ ተደርገው ይነጠፋሉ፤ ከላያቸው መሐሉ ላይ እንጨት፣ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ ወፍራም ጎማ ይደረጋል። እግር ጠንካራ ነገር መርገጥ፣ ብረቱ ደግሞ ለስለስ ባለ ነገር ላይ ማረፍ ስላለበት፣ ሁለቱን አንድ ወጥ በሆነ ንጣፍ ለማሟላት መሞከር ብዙ አያዋጣም።

ጩኸቱ ለብቻው መታየት አለበት። ታች ያለውን ሰው የሚረብሸው በአየር የሚሄደው ድምፅ ብቻ ሳይሆን በሕንፃው አካል ውስጥ የሚተላለፈው ንዝረት ስለሆነ፣ ከሥሩ ክፍተት ያለው የጎማ ታይል ከድፍኑ የተሻለ ያበርደዋል። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው መካከሉ ላይ በመሆኑ መድረኩን ወደ ኮለንና ቢም (ወደ ሕንፃው ምሰሶና አግዳሚ) ማስጠጋትም ይረዳል። ሆኖም ከባድ ክብደት የሚነሳ ከሆነ ቦታውን ወደ ምድር ቤት ማውረድን የሚያህል መፍትሄ የለም።

ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) የሚሠራ ሰው ሚዛኑን ያጣል፣ የመሣሪያ እግር ያረፈበትም ይጎደጉዳል

መንስኤው ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠመው የፎም ምንጣፍ ነው። ምንጣፉን በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ይጫኑት፤ ጣትዎ በቀላሉ ከሰመጠ፣ ካነሱትም በኋላ ጉድጓዱ ከቆየ፣ ክብደት ለተሸከመ ሰው አስተማማኝ መቆሚያ ሊሆን አይችልም። ፎሙን መጣል ግን አያስፈልግም፤ ለሰውነት ማሳሳቢያና መሬት ላይ ተተኝቶ ለሚሠራ ስፖርት ተስማሚ ስለሆነ ወደዚያ ማዛወርና በምትኩ ጠጣር ጎማ ማንጠፍ ይበቃል።

የታይሎቹ መገጣጠሚያ ይከፈታል ወይም መሐሉ ያብጣል

ጎማ በሙቀት ይሰፋል፣ በቅዝቃዜ ይሰበሰባል። ንጣፉ የሚከፈተው ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ፣ የሚያብጠው ደግሞ ሲሞቅ ከሆነ፣ ከመነጠፉ በፊት የክፍሉን ሙቀት እንዲለምድ ጊዜ አልተሰጠውም፤ አለበለዚያ እስከ ግድግዳው ድረስ ተጠቅጥቋል። ጥቅሉን ፈትቶ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ማቆየት፣ በግድግዳው ዙሪያም ዞኮሎው የሚሸፍነው ጠባብ ክፍተት መተው ችግሩን ይከላከላል። የተነጠፈው ካበጠ በግድግዳው በኩል ያለውን ጠርዝ በከተር መቁረጥ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

በማጣበቂያ የተያዘ ንጣፍ ወቅት ሳይለይ የሚላቀቅ ከሆነ ግን እርጥበት መጠርጠር አለበት። በየጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ በኮንክሪቱ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ይለጥፉና ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ይግለጡት፤ ከሥሩ ጤዛ ካገኙ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ እርጥበቱ ሳይታገድ በላዩ ላይ የሚደረግ ማጣበቂያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ቪኒሉ ላይ ቡናማ እድፍ ይቀራል

የጎማ ምንጣፍ ከቪኒል ወለል ላይ ሲነሳ ልክ የምንጣፉን ቅርጽ የያዘ ቢጫ ወይም ቡናማ አራት ማዕዘን ሊታይ ይችላል። ይህ ቆሻሻ ሳይሆን፣ ጎማው እንዳያረጅ የተጨመረበት ኬሚካል ወደ ቪኒሉ ዘልቆ የፈጠረው የቀለም ለውጥ ነው፤ ስለዚህ በፈተጉት ቁጥር ቪኒሉን ከማድከም በቀር አይለቅም። ያለው አማራጭ የተጎዳውን ክፍል መቀየር ሲሆን፣ ለወደፊቱ ሁለቱ በቀጥታ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው።

የጎማው ሽታ አይጠፋም፣ ላዩም ያንሸራትታል

ከአሮጌ ጎማ ፍርፋሪ የተሠራ ንጣፍ መጀመሪያ ላይ መሽተቱ የተለመደ ነው፤ ሙቀት ያባብሰዋል፣ ነፋስና ለስላሳ ሳሙና ይቀንሱታል። የሚያንሸራትተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳሙና በዝቶበት ሳይታጠብ የቀረው ስስ ሽፋን ነው። በንጹህ ውሃ ደጋግሞ መወልወል ይበቃል፤ ቤንዚንና መሰል ፈሳሾች ጎማውን ስለሚያበላሹ መንካት የለባቸውም።

ኤሮቢክስ የሚሠሩ ሰዎች ጉልበታቸውን ያማቸዋል

በኮንክሪት ላይ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ የዝላይን ምት አያበርድም፤ ጎማ ደግሞ ጫማን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰው ሲዞር እግሩ ወለሉ ላይ ቀርቶ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ለዚህ ክፍል ከሥሩ የሚለጠጥ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወለል ወይም ለስፖርት የተሠራ ቪኒል ይመረጣል። የአውሮፓው ኢኤን 14904 መስፈርት የቤት ውስጥ ስፖርት ወለል የምቱን ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲያበርድ ስለሚጠይቅ፣ ሻጩ በዚህ መስፈርት የተፈተነበትን ውጤት እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሻወር ቤቱ ያዳልጣል

የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለግድግዳ እንጂ ለዚህ ወለል አይሆንም። ለባዶ እግር የወጣውና በዲን 51097 መስፈርት የተለመደው የጀርመን ምደባ ንጣፎችን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይከፍላል፤ ይበልጥ የማያንሸራትተው ሲ ነው። ሻካራ ታይል ተነጥፎም የሚያዳልጥ ከሆነ ውሃው የሚያቁርበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ወደ ማፍሰሻው በቂ ዝንባሌ ያልተሰጠው ወለል ሳሙናና ቅባት ያጠራቅማልና ዝንባሌው እንደገና መስተካከል ይኖርበታል።