«አብሽር፣ ይለመዳል» የማይባልበት ክራውን

ደሴ ላይ ጥርስ ሳክም በተደጋጋሚ የምሰማት ነገር አለች። ክራውን፣ ማለትም ጥርስን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ ያስገጠሙ ታካሚዎች «ክራውኑ ሲቆረቁረኝ አብሽር፣ ይለመዳል አሉኝ» ይሉኛል። አብሽር ለሐዘንም ለፈተናም የምትሆን የወሎ ማጽናኛ ናት። ከፍ ብሎ ለተገጠመ ክራውን ግን አትሆንም። እሱ እስኪለመድ አይጠበቅም፤ ይስተካከላል እንጂ።

ስነክስ አንዱ ጥርስ ቀድሞ ይነካል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክራውኑ ከጎረቤቶቹ በጥቂቱ ከፍ ማለቱ ነው። በጥቂቱ ስል ከፀጉር የቀጠነ ልዩነትም ይሰማል። ሲገጠም ያልታወቀው አፉ በማደንዘዣ ደንዝዞ ስለነበር ነው። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ መንከስና ቁጭ ብሎ መንከስም አንድ አይደሉም። ቤት ገብታችሁ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስታኝኩ ይታወቃችኋል።

ከሐይቅ ከተማ የመጡ አንዲት እናት ለወራት በግራ ብቻ ሲያኝኩ ቆይተው ነበር። «ልጄ፣ ለቡና ቁርስ ቆሎውን ለሰው አቀርባለሁ፣ እኔ አያለሁ» አሉኝ። ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርሶቻቸው መሀል አድርጌ «ይንከሱልኝ እማማ፣ ወደ ጎንም ያፋጩት» አልኳቸው። ሌሎቹ ጥርሶች ላይ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ ቀረ። ክራውኑ ላይ መሀሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ቀለበት ወጣ። ጫናው ያረፈው እዚያ ነው። ትንሽ ሞረድኩ፣ አስነከስኳቸው፣ ደግሞ ሞረድኩ። ቀና ብለው ተቀምጠው ነከሱ። ደገሙት። «ጠፋ!» አሉ።

ሞርዶ መተው ግን አይበቃም፣ መወልወል አለበት። ሸካራ ሴራሚክ ትይዩውን ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ዚርኮኒያ የሚባለው የክራውን መሥሪያ ሴራሚክ በጥንካሬው ይፈራል፤ በደንብ ከተወለወለ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። «ተወልውሏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። በጥፍር መሞረጃ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፣ አደራ።

ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዘኛል

ነርቩ ያልሞተ ጥርስ ከተሸፈነ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ ሊሰማው ይችላል። እየቀነሰ ከሄደ ታገሱት። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ምንም ሳይነካው የሚመታ ሕመም ከሆነ ግን ነርቩ ተጎድቶ ይሆናል። ሩት ካናል፣ ማለትም የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ የጥርሱን ውስጥ ማጽዳትና መሙላት፣ ያስፈልገው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ክራውኑ ሳይወልቅ በላዩ ተበስቶ ይሠራል።

ክራውኑ ወለቀ

አጥቡት፣ በንጹሕ ነገር ጠቅልሉት፣ ይዛችሁ ኑ። በሱፐር ግሉ አታጣብቁት። አፍ ውስጥ እንደነገሩ አስቀምጣችሁም አትተኙ፣ ትን ሊላችሁ ይችላል። ሁለት ሦስቴ ከወለቀ ችግሩን ማጣበቂያው ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ ከሥር የቀረው ጥርስ አጥሮ ወይም ሌሊት እያፋጫችሁ ይሆናል።

ጥርሴ እያጠረ፣ እየሳሳ ነው

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አናቱ ጠፍጥፎ የሚያብረቀርቅ ከሆነና የላዩ ከታቹ ጋር ልክክ የሚል ከሆነ ማፋጨት ነው። መሀሉ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ካለ፣ የድሮ ሙሌትም ከጥርሱ በላይ ብቅ ካለ፣ አሲድ ነው። አሲዱ ከቃር ይመጣል፣ ከሎሚ ይመጣል። ጫት ላይ ለስላሳ እየተጎነጩ ሲጨዋወቱ መዋልም ያመጣዋል። ለስላሳውን በውሃ ቀይሩት፣ ቃሩን ታከሙ። ሎሚ ወይም ለስላሳ እንደወሰዳችሁ ወዲያው አትቦርሹ፤ በውሃ ተጉመጥመጡና ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆዩ። የተበላው የጥርስ ቅብ ተመልሶ አያድግም።

ማፋጨት ከሆነ ራሳችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ጠዋት መንጋጋችሁ ዝሎ ከተነሳችሁ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁት፣ ድምፁን የሚሰማው እሱ ነው። መፍትሔው በጥርሳችሁ ልክ የሚሠራ፣ ስትተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ የሌሊት መከላከያ ነው። ይህ ሳይታሰብ ክራውን ላይ ክራውን መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው፣ ይሰነጠቃል። መከላከያ ኖሯችሁ አዲስ ክራውን ካሠራችሁ ደግሞ ይዛችሁት ኑ፤ የድሮው ቅርጽ በአዲሱ ጥርስ ላይ ላይገባ ይችላል።