ኤክስፒ ላይ ዳያል-አፕ አልገናኝ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጎንደር ውስጥ ዳያል-አፕ (በስልክ መስመር እየተደወለ የሚገኘው ኢንተርኔት) አልሠራ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወቀሰው ኮምፒውተሩ ነው። ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደገና ይጫናል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቆያል፤ ጥፋቱ ያለው ግድግዳው ላይ ባለው ሽቦ ነበርና። ስለዚህ እዚህ የምንነሳው ከስልክ መስመሩ ነው። ዊንዶውስን የምንነካው መስመሩ ንጹህ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አገልግሎት ሰጪው የሚደውሉበትን የኢንተርኔት ቁጥር ዛሬም እንደሚያስተናግድ ደውለው ያረጋግጡ። በተዘጋ ቁጥር ሞደም (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ) ሲነካኩ መዋል ከንቱ ድካም ነው።

መስመሩን በጆሮ መመርመር

ገመዱን ከሞደሙ ነቅለው ተራ የስልክ ቀፎ ይሰኩበት። ዳያል ቶኑ (ቀፎ ሲነሳ የሚሰማው የማያቋርጥ ድምፅ) ከመጣ 1 ቁጥርን ብቻ ይጫኑ። ድምፁ ይቆምና መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰሙት ሁሉ ሞደሙም የሚሰማው ነው። ጸጥ ካለ፣ ወይም በጣም ስስ የሆነ ሽሽ ብቻ ካለ፣ መስመሩ ደህና ነው። የሚንኮሻኮሽ ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ የላላ ወይም ውሃ የገባበት መጋጠሚያ አለ። ወፍራም እምምም ከተሰማ የስልኩ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር ተጠግቶ እየሄደ ነው፣ ወይም አንዱ ሽቦ እርጥብ ግድግዳ ነክቷል። የሌላ ሰው ወሬ ከሰሙ ችግሩ ከቤትዎ ውጭ ነውና ለቴሌ ያመልክቱ፤ ራስዎ የሚያስተካክሉት አይደለም።

ሰው ሲያወራ እንዲህ ያለውን ጫጫታ ጆሮ አልፎት ይሄዳል፤ ሞደም ግን አያልፈውም። መረጃውን በሙሉ የሚልከው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ጠባብ የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ኮሽታ እንኳ ፍጥነቱን ታወርደዋለች፣ ስትበረታም መስመሩን ትቆርጠዋለች።

ጎንደር ላይ ይህ ጉዳይ ከወቅት ጋር ይሄዳል። በጋውን ሙሉ ሲሠራ የከረመ መስመር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል መቆራረጥ ከጀመረ፣ ሽቦው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባበትን ቦታ ይመልከቱ። ፒያሳ አካባቢ እንዳሉት የጣሊያን ዘመን ሕንጻዎች ባሉ አሮጌ ቤቶች ሽቦው በየጊዜው እየተቀጠለ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቅጥያ ብቻ ቢበሰብስ በቂ ነው።

ናስትሮውን ሲፈቱ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ እሱ ነው። የዛገውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጠው ይጣሉ፣ ከእያንዳንዱ ሽቦ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ መዳቡ እስኪያብረቀርቅ ይፋቁና አጥብቀው ይጠምዝዙት። ሁለቱን ቅጥያዎች ጎን ለጎን አያድርጓቸው፤ አንዱን ከሌላው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካራራቁ ናስትሮው ቢላላ እንኳ አይነካኩም። ከዚያ ለየብቻ ይጠቅልሏቸው። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ረገብ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ከመግባት ይልቅ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል። ቀፎው ሳይነሳ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚሆን ይነዝራል። ነጎድጓድ ባለበት ቀን ፈጽሞ አይንኩት።

ስህተት 680፦ ዳያል ቶን የለም ይላል

ቀፎው ዳያል ቶን እያሰማ ሞደሙ የለም ካለ በመጀመሪያ የሞደሙን ሁለት ቀዳዳዎች ይዩ። ከግድግዳው የመጣው ገመድ የሚገባው ላይን በሚለው ነው፤ ፎን የሚለው ለቀፎ ነው። ገመዱ በትክክል ገብቶ ካልተሻለ ሞደሙ የስልክ ጣቢያውን ድምፅ አልለየውም ማለት ነው። ስታርት፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ፎን ኤንድ ሞደም ኦፕሽንስ ይክፈቱ፤ ሞደምስ በሚለው ገጽ ሞደሙን መርጠው ፕሮፐርቲስ ይጫኑና ከደወል በፊት ዳያል ቶን ጠብቅ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ያም ካልበቃ አድቫንስድ በሚለው ገጽ ላይ ባለው ሳጥን ኤ፣ ቲ፣ ኤክስ እና 3ን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘው ይጻፉ። ትእዛዙ ሞደሙ ዳያል ቶን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል።

ሞደሙን ሲሰኩ የቤቱ ስልክ በሙሉ ድምፁ የሚጠፋ፣ ሲነቅሉት የሚመለስ ከሆነ ግን ሴቲንግ መነካካቱን ይተዉት፤ የሞደሙ የመስመር ክፍል ተቃጥሏል፣ ብዙ ጊዜ በመብረቅ። ስታቢላይዘር ከዚህ አያድንም፤ መብረቁ የሚገባው በስልኩ ሽቦ በኩል ነው። ሰማዩ ሲጠቁር የመብራቱን ስፒናም የስልኩንም ገመድ መንቀል ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ይደውላል፣ ግን አይገናኝም፦ 676 እና 678

የሞደሙን ድምፅ ከፍ አድርገው ያዳምጡ። 676 መስመሩ ተይዟል ማለት ነው፤ በግንኙነቱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ባለው ኦፕሽንስ ገጽ ላይ የድግግሞሹን ቁጥር ከፍ አድርገው ይተዉት። 678 መልስ የለም ማለት ሲሆን፣ ድምፅ ማጉያው በሰው ድምፅ የተቀዳ መልእክት ካሰማ የተደወለው ቁጥር የተሳሳተ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ዳያሊንግ ሩልስ (የዊንዶውስ የአደዋወል ደንብ) ነው፤ የአገሩን ኮድ 251ን ወይም የአካባቢውን ኮድ 058ን ከቁጥሩ ፊት ይለጥፋል። ዩዝ ዳያሊንግ ሩልስ የሚለውን ምልክት ያንሱና ቁጥሩን ከቀፎ እንደሚደውሉት አድርገው ብቻ ይጻፉ። ወደ ውጭ ለመደወል 9 በሚጫንበት ቢሮ ከ9 ቀጥሎ ነጠላ የእንግሊዝኛ ኮማ ያስገቡ፤ አንዷ ኮማ ሞደሙን 2 ሰከንድ ያህል ታቆየዋለች።

633 ወይም 602

ሞደሙን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥሪ የሚጠብቅ የፋክስ ፕሮግራም ነው። ይዝጉት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሱት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት ፒሲአይ ሲምፕል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮንትሮለር ካዩ ደግሞ የሞደሙ ድራይቨር አልተጫነም።

691፦ ስምና የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አጣ

ካፕስ ሎክን ሁሉም ሰው ያየዋል። እኛ ዘንድ የሚረሳው ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ እንደበራ መቅረቱ ነው። የይለፍ ቃሉ በነጥብ ስለሚሸፈን የገባው ፊደል ምን እንደሆነ አይታይም። መጻፊያውን አጥፍተው ቃሉን ኖትፓድ ላይ ይጻፉት፣ በዓይንዎ ያረጋግጡት፣ ከዚያ ኮፒ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፉት። ግንኙነቱ ድንገት ተቆርጦ ወዲያው ሲደውሉ 691 ከመጣ፣ ሰርቨሩ የቀድሞውን ግንኙነት ገና አልዘጋው ይሆናል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሞክሩ።

ይገናኛል፣ ግን ያዘግማል ወይም ይቆረጣል

በመጀመሪያ የሚጠብቁትን ልክ ይወቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የ56 ኪሎቢት ደረጃ ወደ ላይ የሚልከው ቢበዛ 33.6 ነው፤ ወደ ታችም በሰከንድ ከ40 እስከ 50 ኪሎቢት ካገኙ መስመርዎ ጥሩ ነው። በ44 ኪሎቢት 1 ሜጋባይት ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ዊንዶውስ 115.2 ብሎ ካሳየዎት አይደሰቱ፤ እሱ በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት ነው፣ የመስመሩ አይደለም።

ከ28.8 በታች ከወረደ ወደ ቀፎው ፈተና ይመለሱ። ረጅሙን የስልክ ማራዘሚያ ገመድ በ2 ሜትር ገመድ ይተኩ፣ ከዲቫይደሩና ከስታቢላይዘሩ ያርቁት፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ሌሎች ቀፎዎች በሙሉ ነቅለው እንደገና ይደውሉ። ፍጥነቱ ከጨመረ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን ይለዩ። ሳይጠቀሙበት በቆየ ቁጥር በተመሳሳይ ደቂቃ የሚቆረጥ ከሆነ የመስመር ችግር አይደለም፤ ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ያለውን አይድል ታይም ኔቨር ያድርጉት። ሌላ ሰው ሲደውልልዎ የሚቆረጥ ከሆነ የጥሪ ማቆያ (ኮል ዌይቲንግ) አገልግሎቱን ያዘጉ።

በስልክ መስመር ፋንታ የ3ጂ ዶንግል ከሆነ

ዶንግል ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ሞደም ነው። መደወያው መስኮት ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ኮከብ 99 መሰላል ይሆናል። ደውሎ ወዲያው ከዘጋ በዶንግሉ ፕሮግራም ውስጥ የኤፒኤን (የኔትወርኩ መግቢያ ስም) ሳጥኑን ይዩ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ኢቲሲ ነጥብ ኮም መሆን አለበት። መብራቱ በርቶ የሚጠፋ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ፊት ነቅለው ከኋላው ይሰኩት፤ የፊቱ ዩኤስቢ በቂ ኃይል ላይሰጠው ይችላል።

ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም

ስታርት፣ ረን ውስጥ ሲኤምዲ ብለው ይክፈቱና ፒንግ 8.8.8.8 ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። መልስ ከመጣ መስመሩ ይሠራል፤ የተበላሸው የስም ፍለጋው (የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ) ነው። በግንኙነቱ ቲሲፒ አይፒ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ብለው ይሙሉት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፋይል ሜኑ ላይ ወርክ ኦፍላይን ምልክት እንደሌለበትም ይዩ።

አንዳንድ ገጽ ተከፍቶ ሌላው የምስክር ወረቀት ስህተት የሚል ከሆነ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች። ስትቀይሩ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስገቡ፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከገባ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ምስክር ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀኑ ተስተካክሎም የማይከፈቱ ገጾች ካሉ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ኤክስፒ ላይ የዛሬዎቹን የምስጠራ ደረጃዎች ስለማያውቅ ነው፤ የራሱን ምስጠራ ይዞ የሚመጣ ሌላ ብራውዘር በፍላሽ አምጥተው ይጫኑ፣ በዳያል-አፕ ለማውረድ አይሞክሩ።