ግንዱን ገልብጣችሁ ተማሩ፤ ከዚያም መልሱት

ስለ እንስሳት ከምንሰማቸው ምክሮች ብዙዎቹ እንስሳውን ቀርበው ካላዩ ሰዎች የመጡ ናቸው። ጉንዳን ታታሪ ነው፣ ኤሊ ታጋሽ ናት፣ ትል ምስኪን ነው ይባላል፤ በዚያው ይቀራል። እኔ በረገፈ ቅጠል ላይ ተቀምጬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ በጫካ መሬት ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት ትምህርታቸው ያለው በአሠራራቸው ውስጥ መሆኑን ነው። ያንን ለማየት ጎንበስ ማለትና መታገሥ ያስፈልጋል።

ዝናብ ካባራ በኋላ ሂዱ። የምድር ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ስለሆነ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች ይሸሻል፤ ቀንድ አውጣም እንዲሁ ይደበቃል። የወደቀ ግንድ ስታገኙ ወደ ራሳችሁ አንከባልሉት። ከሥሩ እባብ ወይም ጊንጥ ቢኖር የሚከፈትለት በወዲያኛው በኩል ነውና በዚያ ያመልጣል። እጃችሁን ባዶውን ከሥሩ አታስገቡ። አይታችሁ ስትጨርሱ ያገኛችኋቸውን ፍጥረታት ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አድርጉ፣ ግንዱን በነበረበት ቦታ አስቀምጡ፤ እነርሱ ራሳቸው ተመልሰው ይገባሉ። ግንዱን ገልብጦ ትቶ የሚሄድ ሰው በእውነት ያስቆጣኛል፤ ያ ጥላና እርጥበት የሕይወታቸው መሠረት ነው።

ከዚያ አንድ ፍጥረት ብቻ ምረጡ። የማስታወሻ ደብተራችሁን ግራ ገጽ ለእርሱ ስጡና ያደረገውን ብቻ ጻፉ፤ ጎተተ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ያዘ። «ትጉህ»፣ «ብልህ»፣ «ሰነፍ» የሚሉ ቃላት በዚህ ገጽ አይገቡም። የቀኙ ገጽ ያያችሁት ከራሳችሁ ሕይወት ለሚያስታውሳችሁ ጉዳይ ነው፤ እስከ ማግስቱ ባዶ ይቆይ።

«ሰነፍ» የሚለውን ቃል የከለከልኩት በጉንዳን ምክንያት ነው። ጉንዳኖችን በጥንቃቄ ያየ ሰው ብዙዎቹ ምንም ሳይሠሩ እንደሚቆሙ ያስተውላል። በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዳንኤል ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ትናንሽ ጉንዳኖችን በቀለም ነጥብ እየለዩ ሲከታተሉ፣ 40 በመቶ ያህሉ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆነው አገኟቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚሠሩትን 20 በመቶ ከመካከላቸው አነሷቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ ፈት ከነበሩት መካከል ተነሥተው ቦታውን የሸፈኑ ተገኙ። ሥራ ፈቶቹን ከመካከል ሲያወጧቸው ግን የሚተካቸው አልነበረም። ጉንዳኖቹ በመጠባበቂያ ኃይል ይኖራሉ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም ቀጠሮ አልይዝበትም። ልጅ ሲታመም ወይም እንግዳ ነገር ሲደርስ የማወጣው ከዚያ ነው። እናንተም የራሳችሁን ሳምንት ተመልከቱ፤ ሁሉም ሰዓት ተይዞ ከሆነ መጠባበቂያ የላችሁም።

ትልን ለማየት ማታ መሄድ ይሻላል። ዓይን የለውም፤ ነገር ግን ብርሃንን በቆዳው ያውቃል። ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይረብሸው የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት። አረማመዳችሁም ቀስ ያለ ይሁን፤ ድምፅ ባይሰማም የመሬቱን መንቀጥቀጥ ይሰማዋል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ የጻፈው ስለ እነዚህ ትሎች ነው። ከጠንካራ ወረቀት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ቆርጦ፣ ስብ ቀብቶ ሰጣቸው። ወደ ጉድጓዳቸው ከጎተቷቸው 303 ወረቀቶች 62 በመቶው የገቡት በሹሉ ጫፍ ነበር፤ ለጠባብ ጉድጓድ የሚመቸው ያ ነውና። እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ፓይን የሚባለው ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ሁለት መርፌዎች ከሥራቸው ተጣብቀው ይወድቃሉ። ትሉ የአንዱን መርፌ ጫፍ ቢይዝ ሌላው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ ያግደዋል። በቀዩ ብርሃን ሳየው፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ አንዱን መርፌ በአፉ ነካካ፣ ተወው፣ ወደ ታች ሄደና ሁለቱ የሚገናኙበትን እንብርት ያዘ። ከዚያ ጎተተ፤ ሁለቱም ተከታትለው ገቡ።

በማግስቱ በቀኙ ገጽ የጻፍኩት የወንድሜን ስም ነበር። በውርስ ጉዳይ ተቀያይመን ነበር፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጫፍ ይዘን እንጎትት ነበር። ሁለታችንም ያልተከራከርንበት ነገር ቢኖር የአባታችን ፎቶግራፎች ነበሩ። ቁጭ ብለን እነርሱን በመከፋፈል ጀመርን። የቤቱ ጉዳይ ጊዜ ወሰደ፤ ግን መነጋገር ጀምረን ነበር። ክርክር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ይሁን፤ የምንገናኝበት ቦታ የት ነው?

በአካባቢያችሁ የማይገኙትን ፍጥረታት በንባብ ተከታተሏቸው። በሰሜን አሜሪካ ደኖች እስከ አላስካ ድረስ የምትገኝ አንዲት እንቁራሪት ክረምቱን በረገፈ ቅጠል ሥር ታሳልፋለች፤ በሰውነቷ ካለው ውሃ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በረዶ ሆኖ ልቧ ሳይቀር ይቆማል፣ ሲሞቅ ግን ትነሣለች። ሴሎቿን የሚጠብቀው ጉበቷ የሚለቀው ስኳር ነው፤ ስንቁን የምታከማቸውም ቅዝቃዜው ሳይመጣ ነው። ሥራ ወይም ትምህርት ለጊዜው ለማቋረጥ የምታስቡ፣ ከመቆማችሁ በፊት ምን እንዳከማቻችሁ መርምሩ።

አንድ ገደብ ግን አኑሩ፤ ዘዴውን ውሰዱ፣ ምግባሩን ተዉት። በምሥራቅ አውስትራሊያ ደኖች የሚኖር ጭንቅላቱ ቀይ የሆነ ትልቅ ወፍ ቅጠል ከምሮ እንቁላሉ በብስባሹ ሙቀት እንዲፈለፈል ያደርጋል። ወንዱ ምንቃሩን ወደ ክምሩ እየሰደደ ሙቀቱን ይለካል፤ ቅጠል እየጨመረና እየቀነሰ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ክትትል ለማንኛውም ሥራ እመኛለሁ። ጫጩቶቹ ሲወጡ ግን ዞር ብሎም አያያቸውም። ልጅ አስተዳደግን ከእርሱ አንማርም።

በመጨረሻ የቀኙን ገጽ ስትሞሉ በዚህ ሳምንት በእጃችሁ ያለ አንድ ጉዳይ በስሙ ጥሩ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ። ጉዳዩ ካልመጣላችሁ ገጹን ባዶ ተዉትና በሌላ ወቅት ወደዚያው ግንድ ተመለሱ፤ ከሥሩ የምታገኙት ሌላ ፍጥረት ሊሆን ይችላል።