ስሜት ያለው ሥዕል በጁገል መንገዶች ላይ እንዴት ይለመዳል?

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ሥዕል የሚለማመድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በቀለሙ ብዛት ነው። ነጩም፣ ሮዙም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም ግድግዳ ዓይን ይስባል። ሁሉም እንዳለ ሲሳል ሥዕሉ ያምራል፤ ተመልካቹ ግን ምንም ሳይሰማው ያልፈዋል። ከቀለም በፊት ስሜትን የሚሸከመው የብርሃንና የጥላ ድርሻ ስለሆነ ሥራውን በእርሳስ ጀምሩ።

የምትፈልጉትን ስሜት በአንድ ቃል ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ናፍቆት፣ ስጋት ወይም እፎይታ። ከዚያ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሳጥኖች አስምሩና አንዱን መንገድ በነጭ፣ በመካከለኛና በጥቁር ብቻ ሦስት ጊዜ ንደፉት። ለአንዱ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲረዝም እጅ ወደ በርና መስኮት ዝርዝር ይሄዳል። ለስጋት ጨለማው የሥዕሉን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፣ ሰማዩ ይጥበብ፣ የጥላው ጠርዝ ስለታም ይሁን። ለናፍቆት መካከለኛው ይብዛ፣ ጠርዞቹ ይለስልሱ፣ ደማቁ ብርሃን ከመንገዱ ሩቅ ጫፍ ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጥ።

ሰዓት ምረጡ። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ጥላው ያጥራል፤ ለዚህ ልምምድ አይሆንም። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ አንዱ ግድግዳ ሲበራ ሌላው ይጠቁራል። እዚህ ጋ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፦ ፀሐይ ያረፈበት ሮዝ ግድግዳ ካለ፣ ፊት ለፊቱ ጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ግድግዳ ሮዝ ሮዝ ይላል፤ ወደ መሬቱ ሲጠጋ ደግሞ የአፈሩ ቡናማነት ይነካዋል። ነጭና ጥቁር ቀላቅሎ ጥላን ግራጫ የሚያደርግ ሰው ይህን ሙቀት ይገድለዋል።

ስለዚህ ጥቁሩን የቀለም ቱቦ ቤት ተዉት። አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ይበቃሉ። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲደባለቁ ጥልቅ ጨለማ ይሰጣሉ፤ ሰማያዊው ካየለ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ካየለ ይሞቃል። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ፣ ደርቆ እዩት።

ቀይን የምትጨምሩት አስባችሁበት ይሁን። ቀይ ሁልጊዜ ቁጣ ነው የሚለው አባባል ሐረር ላይ አይሠራም። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ነደባው (ሰው የሚቀመጥበት መደብ) ቀይ የሚቀባው እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል፤ በዚህ ቤት ቀይ ሐዘንን ይዞ ከእንግዳ ጋር ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በሣለው «ጎልጎታ» ቀይን ለስቃይ አውሎታል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከደብዛዛ ቀለሞች መሀል ሲገባ ነው ጉልበት የሚኖረው።

ሸራ ከተወደደ አቡጀዲ ፍሬም ላይ ወጥሩ። አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ደርቡ። በየመሀሉ በሚገባ ይድረቅ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትም ይለስልስ። ወፍራም ድርብ ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ድሬዳዋ የምትሠሩ ሰዎች ሌላ ችግር አለባችሁ፦ በሙቀቱ አክሪሊኩ ብሩሽ ላይ እንዳለ ይደርቃል፣ የጥላ ጠርዝ ማለስለስም አይቻልም። የቀለም ሰሌዳችሁ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ ቀለሙን እሱ ላይ አውጡ፤ በየጊዜውም ውሃ እፍ በሉበት፤ ከቀትር በፊትም ጨርሱ።

ሰው ልትጨምሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በተለይ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ሥዕሉን ለሰው ስታሳዩ ርዕሱን አትንገሩ። ያየው ሰው «በር ነው፣ መንገድ ነው» ብሎ ከቆመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ብርሃን ያለበት ቦታ ከአንድ በላይ ሆኖ ነው። ዋነኛውን ትታችሁ የቀሩትን ነጭ ቦታዎች በውሃ ባሳሳችሁት በርንት ሲየና ሸፍኑና ለሌላ ሰው አሳዩት።