ከደብረ ብርሃን ሆኖ የባሕር ኃይል ድራማ እንዴት ይሠራል

ስለ ባሕር ኃይል የቅኝት ጀልባ ድራማ እንሥራ ሲባል በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መድፉና ማዕበሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ሲ ፓትሮል» በእውነተኛ የባሕር ኃይል ጀልባዎች ላይ የመቅረጽ ዕድል አግኝቶ ነበር። በደብረ ብርሃን ወይም በደብረ ሲና ያለ አማተር የኪነ ጥበብ ክበብ ይህ ዕድል የለውም፤ ሆኖም ድራማውን የሚሸከሙት በጠባብ የብረት ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት ተፋጥጠው የሚኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ አንድ ክፍልና አንድ ካሜራ ካለ ሥራውን መጀመር ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘመኑ ይወሰን። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቁሞ ምጽዋንና አሰብን መቀመጫው ያደረገ ሲሆን፣ ምጽዋ ከእጅ የወጣችው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። ታሪኩን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ማድረግ ይሻላል፤ ጀልባዋ የምትቃኘው የራሷ ባሕር፣ ሠራተኞቹም የሚመለሱበት ወደብ ይኖራቸዋልና። በዚህ ምርጫ ተንቀሳቃሽ ስልክ ከታሪኩ ይወጣል፤ ለጸሐፊው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ከቤት የሚመጣ ወሬ ሁሉ በደብዳቤ ወይም በሬዲዮ ብቻ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሠራተኞቹ ዝርዝር ይዘጋጅ። «ሲ ፓትሮል» ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የተጠቀመበት የጀልባ ዓይነት 57 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ መደበኛ የሠራተኞቹ ቁጥርም 21 ነው። ለእኛ ግን ስድስት ወይም ሰባት ገጸ ባሕርያት ይበቃሉ፦ አዛዡ፣ ምክትሉ፣ መሪ ያዡ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ የሞተር ክፍል ኃላፊው፣ ምግብ አብሳዩ እና ገና ከሥልጠና የመጣ አንድ መርከበኛ። የተቀሩትን ከመጋረጃ በስተጀርባ በሚሰማ ድምፅና በእግር ኮቴ ማሳየት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው አነጋገሩ ነው። መርከበኛ ለመኮንኑ «አቤት ጌታዬ» ይላል፤ እኩዮች «አንተ» ይባባላሉ፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ነገር ግን የሞተር ክፍል ኃላፊው ከመንዝ ሞላሌ የመጣ ጎልማሳ፣ ምክትል አዛዡ ደግሞ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ወጣት መኮንን ቢሆኑ ማን ማንን «አንቱ» ይበል? በባላገሩ ሥርዓት ታላቅ ይከበራል፣ በጀልባዋ ላይ ደግሞ ማዕረግ። ወጣቱ መኮንን በሰው ፊት «አንተ» ሲል ቆይቶ፣ ሌሊት ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ አፉን አምልጦት «እርስዎ» ቢል፣ ሦስት ገጽ ማብራሪያ የማይናገረውን ያች አንዲት ቃል ትናገራለች። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት ማን ለማን ምን እንደሚል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይሠራ፤ ሰንጠረዡ የሚፈርስባቸው ቦታዎችም አስቀድመው ይመረጡ።

የእያንዳንዱን የድራማ ክፍል ታሪክ በተረኝነት ሰዓት ላይ መትከል ሥራን ያቀላል። በመርከብ ላይ የተለመደው ተራ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ቅያሪው ቀንም ሌሊትም በ2፣ በ6 እና በ10 ሰዓት ይውላል። ከ10 እስከ ምሽቱ 2 ያለው ተራ በብዙ ባሕር ኃይሎች ዘንድ በ12 ሰዓት ለሁለት ይከፈላል፤ ይህም አንድ ሰው በየቀኑ በዚያው የሌሊት ሰዓት እንዳይቆም ያደርጋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተራውን ለመረከብ የዘገየ አንድ ሰው ለአንድ ሙሉ ክፍል የሚበቃ ጠብ ያስነሳል።

ርቀትና ፍጥነት በግምት አይጻፉ። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ25 ኖት የምትሄድ ጀልባ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለመሸፈን ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። የድረሱልኝ ጥሪ በሰማች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከአድማስ ማዶ እንድትደርስ ማድረግ አይቻልም። ጥሪው ራሱ «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ በመደጋገም ይጀምራል። የሌሊት መብራቷም በስተግራ ቀይ፣ በስተቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ ይሁን።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ፣ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው ግራጫ ተቀብቶ፣ በኮምፔንሳቶ ጥጉ ክብ የሆነ በር ከተሠራለት ይበቃል። የሞተሩን ድምፅ በናፍጣ ከሚሠራ ወፍጮ ቤት ውጭ ቆሞ መቅዳት ይቻላል፤ ተዋንያኑም ድምፁን በልጠው እንዲናገሩ በልምምድ ጊዜ ይከፈትላቸው። የጀልባዋ መናወጥ የሚገኘው ካሜራውን ቀስ ብሎ በማዘንበልና ተዋንያኑ በቁጥር አብረው ወደ ተቃራኒው ጎን እንዲያጋድሉ በማድረግ ነው፤ አንዱ ብቻ ከቀደመ ተመልካች ይስቃል። ውኃ ለማሳየት ወደ በረሳ ወንዝ መውረድ አያዋጣም፤ ወንዝ በአንድ አቅጣጫ ስለሚፈስ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። በርሜል ሞልቶ፣ በሌሊት፣ በአንድ መብራት ከቅርብ ማንሳት ይሻላል።

ትልቁ ጠላት የአገራችን ብርድ ነው። ቀይ ባሕር ሞቃት ስለሆነ መርከበኛው በላብ መጠመቅ ሲገባው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ የተዋናዩን ትንፋሽ ጭስ ያስመስለዋል። ስለዚህ ቀረጻው በእኩለ ቀን፣ በተዘጋ ክፍል ይሁን፤ ካልሆነም ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት በረዶ ወይም በጣም የቀዘቀዘ ውኃ አፉ ውስጥ ይያዝ፣ ትንፋሹ አይታይም። ላቡ በውኃና በግሊሰሪን ድብልቅ ይረጫል። የጣርማ በርን ጉም ለባሕር ጭጋግ ለመጠቀም የሚጓጓ ሁሉ፣ ጉሙ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ ይዞ እንደሚመጣ አይርሳ።

በመጨረሻ፣ ቀረጻው ሳይጀመር ጽሑፉን በባሕር ኃይል ላገለገሉ አንድ አዛውንት ማንበብ ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ያቁሙን» ብሎ ፈቃድ መስጠት ይገባል፤ አለዚያ በይሉኝታ ዝም ይላሉ። ባቋረጡ ቁጥር ገጹ ላይ ምልክት ይደረግ። ሳይጠየቁ የራሳቸውን ትዝታ መተረክ ከጀመሩም ንባቡ ይቁምና መቅጃው ይከፈት፤ ሁለተኛው ክፍል የሚጻፈው ከዚያ ነው።