ቃሪያዬ አልበቅል ያለው አፈሩ ቀዝቅዞ ነው

የቃሪያ ዘር ዘርቼ 2 ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። ምንም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘሩን ነበር። አንዷን ፍሬ በስንጥር አውጥቼ አየኋት። ውሃ ጠጥታ አብጣለች፣ አልበሰበሰችም፣ ግን ሥር አላወጣችም። በሕይወት አለች፤ በርዷት ነው።

ቴርሞሜትር አፈሩ ውስጥ ስሰካ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየኝ። የክፍሉ አየር ግን 21 ነበር! እርጥብ አፈር ውሃው በተነነ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ትሪው ደግሞ የሚያድረው መስኮት ሥር ነው። ቃሪያ ደህና አድርጎ የሚበቅለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው አፈር ነው። እባካችሁ የአየሩን ሳይሆን የአፈሩን ሙቀት ለኩ። እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው።

ትሪውን በስስ ላስቲክ ሸፍኜ ሞቅ የሚለው የፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት። አፈሩ 26 ገባ። በ8ኛው ቀን ጎንበስ ያለ ነጭ አንገት አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚህ በኋላ ግን መቸኮል ያስፈልጋል። ሙቀት በዝቶ ብርሃን ካነሰ ችግኙ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ከዚያ ይወድቃል። ስለዚህ የዚያኑ ዕለት ላስቲኩን ገፍፌ፣ ብርሃን ወዳለበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ወደሆነ ቦታ አወጣኋቸው። አሁን ግንዳቸው አጠር፣ ወፈር ብሎ ቆሟል።

ሰላጣ ለምትዘሩ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አፈሩ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ብዙው የሰላጣ ዘር ጭራሽ አይነቃም፤ እሱን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት።